ቁልቁል የምትቆመው ቀይ መኪና

ጥቅምት 4

ሦስት ተማሪ ብቻ ዛሬ። የመጀመሪያው ማርሹን ሲያማስለው ዋለ። ሁለተኛው ስልኩ በጠራ ቁጥር መሪውን ለቆ ኪሱን ይዳብሳል። ሦስተኛዋ... ስለ ሦስተኛዋ ሌላ ቀን። ዛሬ ደክሞኛል።

ሰው ሥራሽ ምንድነው ሲለኝ «መንዳት አስተምራለሁ» እላለሁ። ውሸት። ሥራዬ ሰው ጎን ተቀምጦ አለመሞት ነው። መኪናዋ የራሴ ናት፤ ጣሪያዋ ላይ ያለው ታፔላ የማሰልጠኛው። በኔ በኩል፣ ከእግሬ ስር፣ ሁለተኛ ፍሬንና ሁለተኛ ፍሪሲዮን አለ። ሃያ ምናምን ዓመት እነሱን ስረግጥ ኖርኩ። መሪው የተማሪው ነው። እኔ የምይዘው ጠዋት ከቤት ስመጣና ማታ ስመለስ ብቻ፣ እሱንም ደክሞኝ።

ከማሰልጠኛው ፊት ለፊት ሴራሚክ የሚሸጠው ሰውዬ ቀይ መኪና ይዞ መጣ። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጉራ። ዝናብ እየጣለ ጥቁር መነጽር አድርጎ ወረደ። ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ፓይለቱ ነው።

ድንቄም ስፖርት መኪና! የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሥራ ፈቶ ከበባት። አንዱ ጎማዋን በእግሩ ይመታል። ለምንድነው ወንዶች ጎማ በእግራቸው የሚመቱት? ምን ብላ እንድትመልስላቸው ነው?

ጥቅምት 7

ቀይዋን መኪና ወይዘሪት ብያታለሁ። ቁንጅናዋ የሩቅ ነው። ሞተሯ ሲነሳ ነጭ ጭስ ትተፋለች፣ ማለትም ውሃው በማይገባበት እየገባ ነው። አንዱ በሯ ከሌላው ትንሽ ይደምቃል፣ ማለትም ተመትታ ተቀብታለች። ስትታጠፍ የፊት እግሯ ይንቋቋል። ማርሚታዋ፣ የጭስ ማውጫዋ፣ የታሰረው በሽቦ ነው። በሽቦ! እንዲህ ሆና ደግሞ ሰውዬው በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውላታል።

ከሁሉ የሚያስቀው አቋቋሟ ነው። የሱቁ ፊት ሜዳ ባዶ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ያዞራል፣ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጎ ያቆማታል። ማታ ሱቁን ዘግቶ ግራ ቀኝ ያያል። ፍሬን ይለቃል፣ ትንሽ ትንከባለላለች፣ ከዚያ ድፍት ብላ በግፊ ትነሳለች። ስታርተሯ ሞቷል። ሌላ ሰው ላያስተውል ይችላል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ዳገት ላይ መኪና ማስነሳት የማስተምር ሰው ነኝ። ማንን ሊያታልል ነው?

ይሄን ሁሉ ለማወቅ ስንት ሰዓት ቆሜ እንዳየኋት ግን አልጽፍም።

ጥቅምት 8

ዛሬ አላየኋትም። ማለቴ... አየኋት እንጂ፣ ግን ሆን ብዬ አይደለም።

ጥቅምት 10

ለካ ወይዘሪት ለሽያጭ ናት፤ ገዢ መጣላት። የጥርስ ሐኪም ነው አሉ። ኮፋኖዋን አስከፍቶ ጎንበስ ብሎ እንደ በሽተኛ አፍ ውስጥ ውስጧን አያት። አሽትቶም አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እጁን በመሐረብ ጠርጎ «አስብበታለሁ» ብሎ ሄደ። በዚህ ድምፅ ነው መቼም «ይነቀል» የሚለው።

ደስ አለኝ። ሰውየው ጤነኛ ነው ብዬ። በኋላ ግን ሳስበው ደስ ያለኝ በሱ ጤንነት አልነበረም፣ ጥሏት በመሄዱ ነው። ምን አገባኝ? ለኔ ምኔ ናት?

ጥቅምት 14

ስለ ሦስተኛዋ ልጻፍ። አዋላጅ ነርስ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። የከተማውን ግማሽ ሰው በእጄ ተቀብያለሁ ይላሉ። ደም አያስደነግጣቸው፣ ጩኸት አያስደነግጣቸው፣ ዳገት ሲያዩ ግን ጸሎት ይጀምራሉ። ሁለቴ ተፈትነው ሁለቴ ወደቁ፣ ሁለቱንም ዳገት ላይ። ፍሪሲዮኑን ሲለቁ እባብ የረገጠ ሰው ነው የሚመስሉት። እንዲህ ያለ እግር አይቼ አላውቅም።

«እትዬ፣ ቀስ ብለው ይልቀቁ።»

«ቀስ ብዬ ነው የለቀቅኩት።»

«ይሄ ቀስ ከሆነ ፈጣኑን አያሳየኝ።»

ይስቃሉ። አንድ ቀን እንኳ አይቀየሙም፣ ያ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል። በዚህ ዕድሜ መንዳት ምን ያደርግልዎታል ብያቸው ነበር ባለፈው። «አርባ ዓመት በሰው መኪና ነው የሄድኩት» አሉ። «ያውም የምታምጠዋ ባል እየነዳ፣ እያለቀሰ፣ ቀይ መብራት እየጣሰ። እስቲ ደግሞ ማንም ሳያምጥ ልሂድ።»

ዛሬ ዳገቱ አናት ላይ ሞተር ጠፋባቸው። እስኪረጋጉ ቆምን። ወይዘሪት ከታች ትታያለች፣ እንደተለመደው አፍንጫዋ ቁልቁል። ጊዜ ለመግደል ስለሷ አወራኋቸው። ጭሱን፣ ሽቦውን፣ የሞተውን ስታርተር። ይቺን የሚገዛ ሰው ጭንቅላቱ ባዶ ነው አልኳቸው። አዳምጠው አዳምጠው «ወንበሯስ እንዴት ነው?» አሉኝ። ቡናማ ቆዳ ነው፣ የሾፌሩ በጠርዙ በኩል ትንሽ ተሰንጥቋል አልኩ።

የወንበሩን ስንጥቅ መቼ አየሁት?

ጥቅምት 15

ጉድ ፈላ። ፓይለቱ ማሰልጠኛው ሜዳ ድረስ መጣ። «ቲቸር፣ ቁም ነገር ላውራሽ» አለኝ። ሚስቱ አርግዛለች፣ ያውም መንታ። ለሁለት ሕፃን ኋላ ወንበር ያስፈልጋል። ወይ እሷን ወይ እኔን ብላዋለች፣ ልክ ናት። እና ዓይኑን በጨው አጥቦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ልዋጭ! የኔን አራት በር ጤነኛ መኪና ለሱ፣ ወይዘሪትን ለኔ። እኩል ለእኩል!

«ሞኝህን ፈልግ» አልኩት።

«የምትሠሪባት መኪና መሆኗን አውቃለሁ» አለ። መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ተራ ዓይን ነው፣ እንቅልፍ ያጣ። «ግን ቲቸር፣ እስከ መቼ ነው ሰው ጎን ተቀምጠሽ የምትኖሪው?»

ሴራሚክ ሻጭ! የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ የሚሸጥ ሰው ስለ ኑሮዬ ሊነግረኝ! ትቼው ወደ ተማሪዬ ሄድኩ። የሚያናድደው... ማታ ድረስ መልሱ አልመጣልኝም።

ጥቅምት 16

የማሰልጠኛው ሥራ አስኪያጅ ለቲዎሪ ክፍል አስተማሪ ይፈልጋል። ሰሌዳ፣ የመንገድ ምልክት፣ ጥላ። መኪና አያስፈልገውም። ባለፈው ሲጠይቀኝ «ከሰሌዳ ጋር አላወራም» ብዬው ነበር። ዛሬ ቢሮው ጎራ ብዬ ቦታው ተይዞ እንደሆነ ጠየቅኩት። አልተያዘም። ደሞዙ እኔንና እማዬን የወሩን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሰን፤ የቀረውን በእግራችን እንጨርሰዋለን።

ለምን ጠየቅኩ? ለወሬ ያህል ነዋ።

ጥቅምት 19፣ እሑድ

እማዬን አክስቴ ቤት አደረስኳት። እንደ ሁልጊዜው ኋላ ተቀምጣ። ፊት ፔዳሎቹ ስላሉ ከኔ በቀር ማንም እንዲቀመጥ አልፈቅድም፣ እሷም ብትሆን። እግሯን ብታሳርፍባቸውስ? ስለዚህ እኔ ሾፌር፣ እሷ ሚኒስትር። የምናወራው በመስተዋት ነው።

ስለ ወይዘሪትና ስለ ልዋጩ ነገርኳት፣ እያሽሟጠጥኩ። መቆጣት ነበረባት። እናት አይደለች?

«ኋላ ወንበር የላትም?» አለች።

«የላትም።»

«እና እኔ የት ልቀመጥ ነው?»

«ከኔ ጎን ነዋ። ሌላ ቦታ የት አላት?»

በመስተዋት አየኋት፣ ሻርፗን እያስተካከለች ነው።

«እንግዲያው ውሰጃት» አለችኝ።

በቤታችን አንድ ጤነኛ ሰው አለ ብዬ ነበር የማስበው። ለካ እሱም የለም።

ጥቅምት 23

«ሞክሪያት ብቻ፣ ካልወደድሻት ይቅር» አለ ፓይለቱ። ለመናቅም ቢሆን ቀርቦ ማየት ነው ብዬ ተነሳሁ። ራሴን ያታለልኩት እንዲህ ነው።

ቁልፉን ሰጠኝ። ተቀበልኩ። ዞሬ ሄጄ የጎኑን በር ከፍቼ ተቀመጥኩ። ቀበቶዬን አሰርኩ። ጠበቅኩ። እሱም ውጭ ቆሞ ጠበቀ። ቁልፉ እጄ ላይ፣ ፊቴ መሪ የለም... ከዚያ ሳቁ ገነፈለ። «ቲቸር፣ መሪው እዚያ ጋ ነው!» ሴራሚክ የሚጭኑት ሰዎች ሳይቀሩ ካርቶናቸውን አስቀምጠው ሳቁብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቁልፍ በእጁ ይዞ የተሳፋሪ በር የሚከፍት ሰው ማን ነው? እኔ ነኝ።

ወደ ሾፌሩ ቦታ ተዛወርኩ። ፍሬን ለቀቅኩ፣ ተንከባለልን፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን... ተነሳች።

የሆነውን ልጻፍ፣ ማን ያነብብኛል። ደስ አለኝ። ከከተማው መውጫ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ ይዤ ወጣሁ። መሪዋ ያሰብኩትን ሳልጨርስ ይሰማል። ወንበሯ ዝቅ ያለ ስለሆነ መንገዱ ከመቀመጫዬ ስር የሚሮጥ ነው የሚመስለው። ጎን ተቀምጦ የሚጨነቀው ለአንዴ ሌላ ሰው ነው። ፓይለቱ የበሩን መያዣ ጨምድዶ «ቲቸር፣ ኩርባ! ቲቸር!» ይላል። ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ድምፄን ራሴ አላወቅኩትም።

ስንመለስ እሱ ነዳ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲገባ እግሬ ወለሉን ረገጠ። ምንም የለም። ደግሜ ረገጥኩ። ወለል ብቻ። ፓይለቱ አላየም። እኔ ግን እስከ ሱቁ ድረስ እግሬን ከዚያ ወለል ላይ አላነሳሁም።

ስንደርስ ከኮፋኖዋ ስር እንፋሎት ቡልቅ አለ። «ደስ ሲላት ነው» አለኝ። ቱ!

ጥቅምት 24

ሜካኒክ ዘንድ ወሰድናት። ኮፋኖዋን ከፍቶ ገብቶ ቀረ። ቀና ሲል ፊቱ በርቷል፣ ሰርግ የተጠራ ሰው መስሏል። «ትንሽ ሥራ ናት የምትፈልገው» አለኝ። ትንሽ! የሞተሩ ቴስታ ይወርዳል፣ ራዲያተሩ ይቀየራል፣ ስታርተሩ ይቀየራል፣ የፊት እግሯ ይፈታል።

«ከዚያ በኋላስ?» አልኩት።

«ከዚያ በኋላ እያየን።»

እያየን! እሱ ሊያያት፣ እኔ ልገፋት።

ፓይለቱ ይዋሻል፣ ሜካኒኩ ይዋሻል። ቤት ገብቼ እማዬን «ሜካኒኩ ጥሩ ናት አለ» አልኳት። ተቀላቀልኳቸው ማለት ነው።

ጥቅምት 27

እሺ አልኩት። ቅዳሜ እንለዋወጣለን። ሥራ አስኪያጁንም ቲዎሪውን እይዛለሁ አልኩት።

እማዬ ጥቁር መነጽር አላት ለካ! ከየት እንዳመጣችው እንጃ። መስታወት ፊት ቆማ ስትለካው ደረስኩባት። ደንግጣ ልታወልቀው ስትል «ተይው፣ ያምርብሻል» አልኳት። አንዱን ሰው በመነጽሩ ስንቀው ከረምኩ፣ አሁን ቤቴ ውስጥ ሌላ ፓይለት አለ።

ጥቅምት 29

ፓይለቱ ሚስቱን አምጥቶ መኪናዬን አሳያት። ሴትዮዋ ኋላ ገብታ ተቀመጠች። ሆዷን ይዛ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እየተንሸራተተች ለካችው። «ይበቃል» አለች። ደግ ሴት ትመስላለች። በምን ዕዳዋ እሱን እንዳገባችው አልገባኝም።

ከዚያ ፊት ያለውን ፔዳል አይታ «ይሄስ ምንድነው?» አለችው።

«እነቅለዋለሁ» አላት። «እሱ ትርፍ ነው።»

ትርፍ።

ኅዳር 1

አዋላጇ ፈተናቸው ደርሷል። ዛሬ ከኔ ጋር የመጨረሻ ቀናቸው መሆኑን አልነገርኳቸውም። እንዴት ብዬ? ይልቅ እንደለመድኩት ወይዘሪትን መስደብ ጀመርኩ። «ከርሷ የተሻለች አህያ አለች» ምናምን። እያዳመጡኝ ዳገቱን ጀመሩ።

አናቱ ላይ ሳይደርሱ አቆሙ። ከኋላችን አንድ ሰውዬ ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል፣ በመስተዋት አይቼዋለሁ። «አሁን ቀስ ብለው» ስላቸው ፍሪሲዮኑን በረገዱት። ሞተር ጠፋ። ደነገጡና ሁለቱንም እግራቸውን አንድ ላይ አነሱ። ሁለቱንም! መኪናዋ ወደ ኋላ ሸተት አለች። እሳቸው መሪውን ለቀው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

ከጭንቅላቴ እግሬ ቀደመ። ጥርቅም አድርጌ ያዝኳት። ሰውዬው በመዳፉ ኋላዋን መታና ስድብ አውርዶብን ሄደ፣ ከነዘር ማንዘራችን። ስድብ ተሰድቤ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የዛሬው ግን ደስ አለኝ፣ ቆሞ ሊሰድበን በመቻሉ።

«ያንቺ እግር ባይኖር...» አሉ አዋላጇ። አልጨረሱትም።

ወደ እግሬ አየሁ። ፔዳሉን አልለቀቀም። የወይዘሪትን ባዶ ወለል አስታወስኩ። ሁለቴ የረገጥኩትን። ይሄን ነው እንግዲህ ነገ ለሴራሚክ ሻጭ አስረክቤ የማስነቅለው። ትርፍ ነው ብሎ።

ኅዳር 2

እምቢ አልኩት። ቁልፉን አዘጋጅቶ፣ ወይዘሪትን አጥቦ ነበር የጠበቀኝ። ታጥባ እንዴት እንደምታምር... ተይው።

«ፈራሽ» አለኝ።

«አዎ ፈራሁ።»

«አውቄ ነበር። ቲቸር፣ አንቺ እኮ ራስሽ ፍሬን ነሽ።»

ይሄ ሰው በሕይወቱ አንድ ቁም ነገር ቢናገር ይሄ ይሆናል። መንገዱን እስክሻገር ልቤ ተመለሺ ተመለሺ ብሎኝ ነበር፤ ዞሬ ሳላይ ሜዳው በር ገባሁ።

ብልህ ሆንኩ ብዬ ልጻፍ? አልጽፍም። ብልህ ሰው መጀመሪያውኑ ጠመዝማዛው ላይ ብቻውን አይስቅም። ሥራ አስኪያጁን ቲዎሪውን ትቼዋለሁ ስለው «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ምን እንደሆንኩ ባውቅ ኖሮ ለሱ ነበር የምነግረው?

ኅዳር 3፣ እሑድ

ለእማዬ ነገርኳት። «ደግ አደረግሽ» አለች። ኋላ ገባች። መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያየች ሄደች። መነጽሩን አላደረገችውም።

ከመቆጣት ይሄ ይብሳል።

ኅዳር 7

ወይዘሪት እዚያው ናት። መወልወሉን ትቶታል፣ አቧራ ለብሳለች። እሰይ! ደግ አደረጋት።

እሰይ ያልኩት ግን የምወለውልበት ጨርቅ ከመኪናዬ እየፈለግኩ ነው።

ኅዳር 12

አዋላጇ አለፉ! ዳገቱን ጸጥ ብለው ወጡት። ሞተሯ እንኳ አላቃሰተችም። ፈታኙ ሲወርድ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ከሩቅ ጮኹብኝ፦ «ይሄ ነው ለካ ቀስ ማለት!»

አቀፉኝ። እንባዬ መጣ። አሁን ይሄ ምን ያስለቅሳል? የከተማውን መንገድ ሁሉ በኔ ተማሪዎች ሞልቼ አንዱም አስለቅሶኝ አያውቅም።

ኅዳር 15

ወይዘሪት የለችም። ከቆመችበት የዘይት ጠብታ ብቻ ቀርቷል። ፓይለቱ ሞኙን አገኘ ማለት ነው፣ እንኳን ደስ ያለው። ማን እንደሆነ አልጠይቀውም። ደስታውን አልጨምርለትም።

ማን ይሆን ግን? ያ የጥርስ ሐኪም?

ኅዳር 16

ጠዋት የሜዳው በር ላይ ክላክስ። ቀና ብዬ ሳይ ወይዘሪት። መሪው ላይ... አዋላጇ!

ሮጬ ሄጄ መስኮቱን ያዝኩ።

«እትዬ! ይቺን ገዙ? ይቺን?»

«ምነው? ሁሉን አንቺው አልነገርሽኝም?»

ሁሉንም ያውቃሉ። ጭሱን፣ ሽቦውን፣ የሞተውን ስታርተር። ፓይለቱ መዋሸት ሲጀምር «እሱን ተወው ልጄ፣ እኔ በየቀኑ ከመምህሬ ስሰማ ከርሜያለሁ» ብለው አፉን አስያዙት። እሱም የሚሸጥበት አፍ አጥቶ ቁልፉን ሰጣቸው።

«ጭንቅላቱ ባዶ የሆነ ሰው ነው የሚገዛት ብዬዎት ነበር እኮ!»

«ብለሽኛል። አንድ ቀን አላስታጎልሽም።» ሞተሩን ሳያጠፉ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ ምጥ ላይ ሆና ባሏን የምትሰድብ ሴት ስሰማ ነው ያረጀሁት። የማትፈልጊውን ነገር እንደዚያ አድርገሽ አትሰድቢም። ያን ያህል ካስወራችሽ እስቲ እኔም ልያት አልኩ።»

ምን ይባላል? ቀናሁ፣ በቃ። ሁለቴ ዳገት ላይ የወደቁ ሴትዮ! ከኔ የተማሩት፣ በኔ መኪና፣ በኔ እግር! እኔ ያየሁትን አይተው፣ እኔ የማውቀውን አውቀው፣ ምንም ነገር ሳይሸጡ፣ ማንንም ሳያታልሉ ዝም ብለው ገዟት። እኔ የቻልኩት መሳደብ ብቻ ነው።

«ግቢ፣ አንድ ጊዜ እንዙር» አሉኝ።

የጎኑን በር ከፍቼ ገባሁ። ዛሬ የሚስቅብኝ አልነበረም፣ በሩ የኔው ነው። እሳቸው ለመኩራራት ሞተሩን አጠፉት። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ለቀቁ። ተንከባለልን። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ... ተነሳች። ያ እባብ የረገጠ እግር! ኩርባው ላይ ስንደርስ እግሬ ወለሉን ረገጠ። ባዶ ነው። ደግሜ ረገጥኩ።

«አትርገጪ፣ አለሁልሽ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ። ኋላ ጀሪካን ይዘዋል ለካ። አንድ ቦታ ቆመን ውሃ አጠጣናት። ሁለተኛው ቦታ ላይ ጨርሳ ሞተች፣ ያውም ቁልቁለት በሌለበት ሜዳ ላይ። ወርጄ ገፋሁ። እሳቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ግፊ ልጄ፣ ግፊ! ደረሰ፣ ግፊ!» ይሉኛል፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት በኖሩበት ድምፅ። መግፋቱን ትቼ ኋላዋ ላይ ተደግፌ ሳቅኩ። እሳቸውም መሪው ላይ ተደፍተው ይስቃሉ። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ናቀን። ሁለት አሮጊት እብዶች።

እጄ እስካሁን ዘይት ዘይት ይሸታል። አልታጠብኩም።

ኅዳር 19

ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲቆጠቁጠኝ ዋለ። እኔ መሪ አጥቼ ነው እንዴ? መሪማ አለኝ። የራሴ ነው። ለመጣው ሁሉ እየሰጠሁ ጎን ተቀምጬ የሰው መሪ ስመኝ... ሰውን ሁሉ ባዶ ጭንቅላት ስል ከርሜ የራሴን መስማት አቅቶኝ!

ኅዳር 24፣ እሑድ

ታፔላውን ከጣሪያው ላይ ነቅዬ ኋላ ወንበር ላይ አጋደምኩት። እማዬ እንደለመደችው የኋላውን በር ከፈተች። ታፔላውን አየችው።

«እኔስ?»

«ፊት ነዋ።»

ደግማ አልጠየቀችም። ስትቀመጥ ቦርሳዋን ከፍታ ጥቁር መነጽሯን አወጣች። እስካሁን ይዛው ነው የምትዞረው ለካ።

ወንበሩን ለራሴ ልክ አስተካከልኩ። መስተዋቱንም። በአክስቴ ቤት መንገድ ሳይሆን በጠመዝማዛው ወጣን፣ ይዞራል ግን ያደርሳል። ይቺ መኪና ወይዘሪት አይደለችም። ዳገት ላይ ታቃስታለች፣ መሪዋ ሁለቴ ካልነገሩት አይሰማም። አፍንጫዋን ወደየትም አድርጌ ባቆማት ግን ትነሳለች። መስኮቱን ከፈትነው። የእማዬ ሻርፕ ይውለበለባል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ትንሽ ነዳጅ ሰጠኋት።

ቀጥ! መኪናዋ ባለችበት ቆመች። ሁለታችንም ከቀበቶው ጋር ተናነቅን። ከኋላ ክላክስ በክላክስ። ምን ሆነች ብዬ ጎንበስ ስል የእማዬ ጫማ ሁለተኛው ፍሬን ላይ።

«እማ! እግርሽን አንሺ!»

«ፈጠንሽ።»

«ሥራዬ እኮ ነው! እኔ ነኝ የማውቀው!»

«ታዲያ ፈጠንሻ።»

አነሳች። ቀጣዩ ኩርባ ላይ እንደገና ረገጠች። ከዚያም ቀጥ ያለው መንገድ ላይ፣ ምንም በሌለበት፣ እንዲሁ ደስ ሲላት። ፓይለቱ ፍሬን ነሽ ያለኝን ከማን እንደወረስኩት ዛሬ አየሁ። እዚያ በጥቁር መነጽር ተቀምጣለች፣ አገጯን ወደ ላይ አድርጋ፣ መንገዱ የአባቷ ይመስል። አክስቴ ቤት ስንደርስ አንገቴ አልዞር ብሎኛል።

«ለእሑድም በዚሁ ነው የምንሄደው?» አለችኝ።

በዚሁ ነው አልኳት። እስከዚያ ግን ፍሬን እንዴት ቀስ ተብሎ እንደሚረገጥ ላስተምራት ነው። እንዲህ ያለ እግር አይቼ አላውቅም።